የመ ሳድስ

ሦስት ሳምንት ሆነኝ እንቅልፌን ጠግቤ መተኛት ከጀመርኩ። ልጆቼ የሐኪሙ ኪኒን ነው ይላሉ፤ ይበሉ። ኪኒኑን መዋጥ ከጀመርኩ ዓመት አልፎኛል፤ እንቅልፉ የመጣው ግን ከጥንት ጓደኛዬ ከየሺመቤት ጋራ ጥድ ሥር ከተቀመጥን ወዲህ ነው። ጎረቤቴ ሳትቀር "ምነው ሰሞኑን ፊትሽ ፈካ፣ ልጅ ዳርሽ እንዴ?" ትለኛለች። የምን መዳር እቴ፣ ልጆቼን ድሬ ከጨረስኩ ስንት ዘመኔ። እኔን የቀለለኝ ስድሳ ዓመት ያህል ተሸክሜው የኖርኩት አንድ ክፋት ነው። ክፋት የምለው ወግ ለማሳመር አይደለም፤ አስቤ፣ ቆንጥሬ፣ በማር ለውሼ የሠራሁት ክፋት ነው። ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

መጀመሪያ ነገሩን የቀሰቀሰችብኝ የልጅ ልጄ ቤዛ ናት። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የቲያትር ክበብ አባል ሆናለች። ጠዋት ጠዋት መታጠቢያ ቤት ትገባና በሩን ዘግታ "ምምምም" ትላለች፤ ቆይታ ደግሞ ከንፈሯን እንደ ፈረስ ታርገፈግፋለች። የመጀመሪያ ቀን ሆዷን ያመማት መስሎኝ ጤና አዳም ይዤ በሩን ደበደብኩ። ወጥታ እስኪደክማት ሳቀችብኝ። "አያቴ፣ ዋርምአፕ እኮ ነው። ድምፅና ሰውነት ማሟሟቅ። በእናንተ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም" አለችኝ። አልነበረም አለች። እኔ አናቴ ላይ የሳልሳ ጣሳ ተሸክሜ ትከሻዬን ስሰብቅ ያደግሁት ሴትዮ፣ አፌን በውኃ ሞልቼ የጎንደርን ዳገት የወጣሁት፣ አልነበረም ተባልኩ። ተናድጄ ልነግራት ጀመርኩና መሐል ላይ የየሺመቤት ነገር ሲመጣብኝ ተውኩት። ከዚያ በኋላ ግን ልጅቷ በዚያ በር ውስጥ "ምምም" ባለች ቁጥር እኔ እዚህ ወንበሬ ላይ ሆኜ ያን ዘመን አየዋለሁ።

ያኔ የጎንደር ፒያሳ እንዲህ በባጃጅ አልተወጠረችም። ጣልያን ሠርቶት የሄደው ቢጫ ሕንፃ ገና ቀለሙ አልላጠም፤ ፖስታ ቤቱ ደረጃ ላይ ደብዳቤ ጸሐፊዎች ጃንጥላ ዘርግተው ይቀመጣሉ፤ ከሰሜን በኩል በልማሊሞ የመጣች ትሬንታ ኳትሮ የጭነት ማኪና አቧራዋን ለብሳ ስትቆም ግማሹ ከተማ ሊያያት ይወጣል። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። በረንዳው ላይ የእግር ስፌት ማኪናውን አቁሞ ለወንዶቹ ካኪ ኮትና ሱሪ፣ ለሴቶቹ ከፋይና ሳቲን ይሰፋ ነበር። ወይዛዝርቱ ጥልፍ ቀሚሳቸውን ሲያስጠብቡ እኔ መርፌ እያቀበልኩ ወሬያቸውን እሰማለሁ። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ማኪያቶ ለሚደፍር በስሙኒ፣ ትኩስ ፓስቲ በአምስት ሳንቲም ነበር። የዛሬውን ፓስቲ አታንሱብኝ፤ መሐሉ ባዶ ነው፣ አየር ነው የሚሸጡልን። የያኔው ዘይቱ እጅ ላይ ሲፈስ እስከ ክርን ይደርስ ነበር። ከቡና ቤቱ ሬዲዮ የሚወጣውን ዘፈን አባቴ በማኪናው ፔዳል እየመታ ሲከተል ልብሱ ሁሉ በዚያ ምት የተሰፋ ይመስለኝ ነበር።

ከፒያሳ ጀርባ፣ ጣልያን እህል ሲያከማችበት የነበረ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው መጋዘን ነበር። እዚያ ነው እኛ የምንሰበሰበው። ከተማው "የሙዚቃና የቲያትር ክፍል" የሚል ሸጋ ስም ሰጥቶን ነበር፤ ሰዉ ግን አዝማሪዎቹ ነበር የሚለን። ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት፣ ወንዶቹ ወደየሥራቸው ሳይሄዱ፣ እኛ ሴቶቹ ለገበያ ነው እያልን ዘንቢል ይዘን ከየቤታችን እንወጣለን። እኔስ አባቴ ያውቅ ነበር፤ የመድረኩን ልብስ የሚሰፋው እሱ ስለሆነ ምን ይላል። ብዙዎቹ ግን በዘንቢል ነበር የሚመጡት። የሺመቤትም በዘንቢል ከሚመጡት አንዷ ነበረች፤ አባቷ የደብር ቄስ ነበሩና።

ያሠለጠኑን አያ ብሩ ናቸው። አያ ብሩ ከልጅነታቸው ጀምሮ ዜማ ሲማሩ ኖረው፣ መሪጌታ ሊባሉ ጥቂት ሲቀራቸው ትተው የወጡ ሰው ናቸው። አንዳንዱ ሴት ወደው ነው ይላል፣ አንዳንዱ ማሲንቆ ነክተው ተገኝተው ነው ይላል፤ እሳቸው አንድም ቀን አልነገሩንም። ናስ ቁልፍ ያለው የወታደር ካፖርት ከላይ፣ ነጭ ጥምጥም ከአናት፣ ከታች ሸራ ጫማ ያደርጋሉ። ማንን መምሰል እንዳለባቸው ያልወሰኑ ሰው ነበሩ። አንዴ ተሳስቼ "የኔታ" ብላቸው ተቆጡኝ። "የኔታ አትበይኝ፤ የዘፈን የኔታ የለም" አሉ። ከዚያ ወዲያ አያ ብሩ ሆኑ።

የአያ ብሩን ማሟሟቂያ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ወደ ታች ሰፈር ቦኖ እንወርዳለን። እዚያ አፋችንን በውኃ እንሞላለን፤ መዋጥም መትፋትም የለም። ውኃውን ይዘን ዳገቱን በሶምሶማ ሽቅብ እንወጣለን። አፍ ሲዘጋ ትንፋሽ በአፍንጫ እንጂ በሌላ አይወጣም፤ ደረትሽ ይከፈታል፣ ሆድሽ ይሠራል። መንገድ ላይ ሰው "እንዴት አደራችሁ" ሲለን በአንገታችን እጅ እየነሣን ስናልፍ ዕብዶች ናቸው ይሉናል። አያ ብሩ መጋዘኑ በር ላይ ቆመው እያንዳንዳችንን ያስተፉናል። ውኃው የጎደለበት ተመልሶ ይወርዳል። ቀጥሎ የትከሻ ነው። ባዶ የሳልሳ ጣሳ አናታችን ላይ ይቀመጣል፤ እስክስታው ከትከሻና ከደረት ብቻ ይውጣ፣ አንገት አይነቃነቅ። በዚያ ሲሚንቶ ወለል ላይ ጣሳ ሲወድቅ የሚያሰማው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ብዙ ጊዜ የሚወድቀው የእኔ ነበር።

ከዚያ በኋላ የድምፁ ይመጣል። አያ ብሩ የሚያውቁት ፊደል ነውና በፊደል አሠለጠኑን። ከመ እስከ ሞ ነበር፤ መ፣ ሙ፣ ሚ፣ ማ፣ ሜ፣ ም፣ ሞ። እያንዳንዷን በአንድ ትንፋሽ እየሳቡ መሄድ ነው። ሙ ላይ ከንፈር ይሾላል፣ ሚ ላይ ጥርስ ይታያል፣ ማ ላይ መንጋጋ ይወርዳል። ስድስተኛዋ፣ የመ ሳድስ፣ ም ላይ ስንደርስ ግን አፍ ይዘጋል። ከንፈር ገጥሞ ድምፁ በአፍንጫና በአናት ውስጥ ብቻ ይዞራል። "እዚህች ላይ ቆዩ" ይሉን ነበር። "ማን ጮሆ መዝፈን ያቅተዋል? አፉን ዘግቶ ሰው ልብ የሚገባ እሱ ዘፋኝ ነው። ሳድሷን ጠብቁ።" ጣታቸውን አፍንጫችን አናት ላይ ያሳርፉና አጥንቱ ሲነዝር ካልተሰማቸው እንደገና ከመ ያስጀምሩናል። ልጆቹ እየተነጫነጩ ይሠሩታል። የየሺመቤት አጥንት ግን ገና ጣታቸው ሳይደርስ ይነዝር ነበር። እሷ ም ስትል ቆርቆሮው ጣሪያ አብሮ ያንጎራጉር ነበር ብላችሁ አታምኑኝም።

የሺ እንዴት ያለች ልጅ መሰለቻችሁ፤ ቀጠን ያለች፣ ሹሩባዋን ወደ ኋላ የለቀቀች፣ ስትናገር አይኗን መሬት የምትጥል። ሲዘፈን ግን ሌላ ሰው ናት። ጓደኛዬ ነበረች፤ ካንገት በላይ አልነበረም፣ እወዳት ነበር። ግን ልሙት አልዋሽም፣ ፓስቲ የሚባል ነገር ለማንም አካፍዬ አላውቅም። ልምምድ ስንጨርስ አንዳንድ ፓስቲ እንገዛለን፤ እሷ የሷን ገምሳ ለኔ ትሰጠኛለች፣ እኔ የኔን ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ እበላለሁ። በዚህ ትስቅብኝ ነበር። "አንቺ በሞትሽ ጊዜ ድንጋዩንም ከመቃብርሽ ላይ አታስነሺም" ትለኛለች። ስስታም ነበርኩ፣ ዛሬም ነኝ፣ ቤዛ ትመስክርብኝ።

አንድ ቀን ከአውራጃው ጽሕፈት ቤት ሰው መጣና ጃንሆይ ይመጣሉ አለ። በኋላ የመጣው ሌላ ትልቅ ሰው ሆነ እንጂ ያኔ ከተማው ግልብጥ ብሎ ነበር። ግድግዳው በኖራ ተለሰነ፤ ባንዲራ ተሰቀለ፤ አባቴ ለሴቶቹ ሰባት ቀሚስ፣ ለወንዶቹ ሰባት ነጭ ተፈሪ ሱሪ ሰፋ። እኛ ከቤተ መንግሥቱ አጥር ፊት ባለው ሜዳ ላይ የደጋ የአጨዳ ዘፈን ልናቀርብ ነው። መሐሉ ላይ አውራጇ፣ ዘፈኑን የምትመራዋ፣ ብቻዋን በድምፅዋ ሽቅብ የምትወጣበት ቦታ አለ፤ ተቀባዩ ሁሉ ዝም ይላል። አያ ብሩ ሁላችንን አንድ በአንድ አዘፈኑን። የኔም ድምፅ መጥፎ አልነበረም፤ ጮክ ያለ፣ ጠንካራ፣ ለሰርግ የሚሆን። ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁና "የሺመቤት ታወርዳለች" አሉ። ሁሉም አጨበጨበ፣ እኔም አጨበጨብኩ። ውስጤ ግን ተቃጠለ። ቀሚሱን የሰፋው የኔ አባት፣ ጥልፉን የያዝኩት እኔ፣ ፊት የምትቆመው እሷ። ቅናት ነው፤ ሌላ ስም አልፈልግለትም።

የአባቴ ደንበኛ የሆኑ አንድ ሽማግሌ ደብተራ ነበሩ፤ ስም አልጠራም። እጀ ጠባባቸውን ለማስጠገን ሲመጡ ስለ ድምፅ ጠየቅኋቸው። ለማኅሌት የቆሙ ሰዎች የሚጠቀሙበት የሥር ዱቄት ነው ብለው በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ። ንጋት ላይ በባዶ ሆድ አንድ ቁንጥር በማር ይላሳል። "ከአንድ ቁንጥር እንዳያልፍ። አንዱ ጉሮሮ ይከፍታል፣ ሦስቱ ይዘጋል" አሉኝ። ሰምቻለሁ፣ በደንብ ሰምቻለሁ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እቤት ማንም ሳይኖር በትንሽ ብርጭቆ ማር አደረግሁና ዱቄቱን ጨመርኩበት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። በማንኪያ አማሰልኩት። ለየሺ ወስጄ "ለእሑድ ድምፅሽን ያወጣልሻል፤ ንጋት ላይ ላሺው" አልኳት። አይኗ እንባ አቀረረ። ከእጄ የሚበላ ነገር ስትቀበል የመጀመሪያዋ ነበር፤ አቅፋ ሳመችኝ።

ዓርብ ጠዋት የሺ አንገቷን በነጠላ ጠምጥማ መጣች። ጣቷን ወደ ጉሮሮዋ ጠቁማ ራሷን ነቀነቀች። ድምፅ የለም። አያ ብሩ ጠጋ ብለው "ም በይ" አሏት፤ ከንፈሯን ገጥማ ቆመች፣ ምንም አልተሰማም። ጣታቸውን አፍንጫዋ ላይ አሳረፉ፣ ቆዩ፣ አነሱ።  ቀና ሲሉ ያዩት እኔን ነበር። "አንቺ ታወርጃለሽ" አሉኝ።  ሮጬ ከመጋዘኑ ጀርባ ወጣሁ። እንዳልነግራቸው ፈራሁ፤ እንዳልተወው ረፍዷል። ለጥቂት ቀን የሚዘጋ ነው፣ ይመለሳል እያልኩ ራሴን አባበልኩ። ሁለቱን ሌሊት ግን ቁንጥሮቹን ስቆጥር አደርኩ።

እሑድ ሆነ። ሜዳው ሰው በሰው ነበር፤ የሰሜን ባላገር በበቅሎ፣ የከተማው ሰው በካፖርትና በባርኔጣ፣ ካህናቱ በጥላ። አያ ብሩ ከጠዋት ጀምሮ ቃል ከአፋቸው አልወጣም። ሁሉን ነገር በእጃቸው ምልክት ነው የሚያዙን፤ ጣት ያነሳሉ፣ ያወርዳሉ። አይናቸው እኔ ላይ ሲያርፍ "አውቀውብኛል፣ ስለተጸየፉኝ ነው የማያናግሩኝ" አልኩ። የሺ ዘፋኝ እንዳይጎድል ተብላ በስተኋላዬ ተቀባዮቹ መሐል ቆመች፤ ከንፈሯን ገጥማ፣ አይኗን መሬት ጥላ። ዘፈኑ ተጀመረ፤ ትከሻችን ሸጋ ነበር፣ ሕዝቡ እልል አለ። ያ አውራጅ ብቻዋን የምትወጣበት ቦታ ደረሰ። ተቀባዩ ዝም አለ። አፌን ከፈትኩ፣ ወጣሁ፣ ወጣሁና እላይ ስደርስ ማሩ ታየኝ፤ ማንኪያው ታየኝ። ድምፄ መንሸራተት ጀመረ። ልወድቅ ነው፣ አበቃልኝ ስል ከኋላዬ አንዲት ቀጭን ዜማ ሰማሁ። ቃል የላትም፣ ከየት እንደመጣች አትታወቅም፤ ልክ ልይዘው የሚገባኝ ቦታ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። ተደገፍኳት። ግድግዳ ተደግፎ እንደሚነሳ ሰው ተደግፌ ተነሣሁ፣ ዘፈኑን ጨረስኩ። ማሲንቆው ነው አልኩ። ማሲንቆ መቺው ግን በኋላ ስጠይቀው እዚያ ቦታ ላይ ቀስቱን አንሥቶ እንደነበር ነገረኝ። እንግዲያው የእግዚአብሔር ምሕረት ነው ብዬ ተውኩት።

እንግዳው ደስ ብሏቸው የሐር ሻርፕ ሸለሙኝ፤ ሰማያዊ፣ ጫፉ ላይ ወርቃማ ክር ያለው። ከመድረክ ስወርድ አያ ብሩ ጆሮዬ ድረስ ጎንበስ ብለው በሹክሹክታ "ዛሬ ሳድሷ ሸጋ ነበረች" አሉኝ። እያዩ የነበሩት ግን እኔን አልነበረም፣ በአናቴ በላይ ወደ ኋላ ነበር። እኔ ም የሚል ቃል አውጥቼ አልዘፈንኩም፤ ሽሙጥ መሰለኝ። በወሩ የሺመቤት ለመካነ ብርሃን ሰው ተዳረች ተባለ። ጃናሞራ፣ ያን ጊዜ በበቅሎ ስንት ቀን የሚያስኬድ ደጋ። ድምፅ ስለሌላት፣ ከእንግዲህ ተስፋ ስለሌላት አባቷ ቶሎ ሰጧት አልኩ። ድምፅዋን ዘግቼ ከተማዋንም ቀማኋት አልኩ። አያ ብሩ በሳምንቱ ዝምታቸውን ትተው እንደ ድሮው ይቆጡን ጀመር። እኔ ግን ሁለት ዓመት ያህል ዘፍኜ ተውኩ፤ አግብቼ የአባቴን ሱቅ ያዝኩ። ሻርፑን አንድም ቀን አልለበስኩትም። ሳጥን ውስጥ ተጠቅልሎ ኖረ፤ ሳጥኑን በከፈትኩ ቁጥር ማር ማር ይሸተኛል። አይሸትም እኮ፣ ግን ይሸተኛል።

አሁን ወደ ዛሬው ልምጣ። ባለፈው የደብራችን ክብረ በዓል ነው። ቤዛ በባጃጅ አድርሳኝ ሄደች። ቅዳሴው አልቆ ጥዱ ሥር እግሬን ዘርግቼ ስቀመጥ አጠገቤ አንዲት ነጭ በነጭ የለበሰች አሮጊት ከልጇ ጋራ ተቀመጠች። አይኗን ሞራ ጋርዶታል፣ ለዚያ ሕክምና ነው ጎንደር የመጣችው። ልጇ ውኃ ሊያመጣላት ሄደ። ዞር ብላ በደበዘዘ አይኗ ቆይታ አየችኝና "የልብስ ሰፊው ልጅ፣ ጥሩነሽ አይደለሽም?" አለችኝ። በድምፅዋ አወቅኋት። ድምፅዋ ነበር፤ አርጅቶ፣ ግን ነበር። 

ሳምኳት፣ ሳመችኝ፣ ስለ ልጆች ተጠያየቅን። ስምንት ወልዳለች፤ ባሏ ደግ ሰው ነበር፣ ከሞተ ቆየ። እኔ ግን ጨዋታው ሁሉ አንድ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ይወጣል። አሁን ካልተናገርሽ መቼ ልትናገሪ ነው፣ እሷም ታልፋለች አንቺም ታልፊያለሽ አልኩ በልቤ። እጇን ያዝኩና ነገርኳት። ደብተራውን፣ አንዱ ይከፍታል ሦስቱ ይዘጋል ያሉትን፣ ሦስት ቁንጥር ማድረጌን። 

"አውቀሽ ነው?" አለችኝ።

"አውቄ ነው።"

እጇን ከእጄ አወጣች። ነጠላዋን አስተካከለች። ካህናቱ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ወጥተው አለፉ። "ክፉ ነበርሽ ጥሩነሽ" አለች።

"ነበርኩ" አልኳት። 

ደግሞ "ያ ማር ነው?" አለችኝ። አዎ አልኩ። "በትንሽ ብርጭቆ ያመጣሽልኝ?" አዎ እሱ ነው አልኩ። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቀሰች ብዬ ደነገጥኩ፤ ለካስ እየሳቀች ነው። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ወትፋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ትንፋሽ ስታገኝ እንዲህ አለችኝ፤ "እኔ አልላስኩትም እኮ። ለአያ ብሩ ነው የሰጠኋቸው።"

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ያ እሑድ ታየኝ፤ ጣታቸው ሲነሳና ሲወርድ፣ ጆሮዬ ሥር ሹክ ሲሉኝ። ሰውየው ተጸይፈውኝ አይደለም ዝም ያሉት። ደብተራው እውነታቸውን ነበር፤ ሦስት ቁንጥር ይዘጋል።

ቀስ እያለች ነገረችኝ። ማሩን የሰጠኋት ሐሙስ ዕለት ማምሻውን ከጃናሞራ ሽማግሌዎች አባቷ ዘንድ መጥተው ነበር። የጋብቻው ነገር ካንቺ ማር በፊት ያለቀ ነው፣ የመጡት የሠርጉን ቀን ሊቆርጡ ነው አለችኝ። ሽማግሌዎቹ በጨዋታ መሐል "እሑድ ሜዳ ላይ የምትዘፍነው ልጅ እሷ ናት?" ብለው ጠየቁ። አባቷ ስለ ዘንቢሉ ነገር ያን ጊዜ ገና መስማታቸው ነው። እንግዶቹ ሲሸኙ አስጠሯትና "በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት አፍሽን ከፍተሽ ብትዘፍኚ ውግዝ ሁኚ" ብለው ገዘቷት። የአባት ግዝት፣ ያውም የቄስ አባት። አልዘፍንም ብትል የአውራጃው ሰዎች ለምን ይላሉ፣ ቄሱ ከለከሉ ከተባለ ደግሞ ጃንሆይ ይመጣሉ በተባለበት ቀን አባቷን ምን እንደሚያገኛቸው እግዚአብሔር ይወቅ። ስለዚህ ድምፄ ጠፋ አለች። ማሩ ለድምፅ ነው ብዬ ሰጥቻት የለ? እሷን ምን ይሠራላታል። አያ ብሩ ሲጮሁ ከርመው ጉሮሯቸው ደክሟል ብላ ዓርብ ዕለት ከልምምድ በኋላ ብርጭቆውን በእጃቸው አስጨበጠቻቸው።

"ደስ ብሏቸው ተቀበሉኝ" አለች። "ምስኪን፣ ቅዳሜ ንጋት ላይ ልሰው ነው። እኔኮ እስከ ዛሬ ብርድ መቷቸው ነው የምለው።"

እኔም ሳቅሁ። ሳቁ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ጎኔን እስኪወጋኝ ሳቅሁ። ልጇ ውኃ ይዞ መጥቶ ሁለት አሮጊቶች ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ እንዲህ ሲንፈራፈሩ ሲያይ አፍሮ ራቅ ብሎ ቆመ። ሳቁ ሲበርድ አንድ ነገር ቀረኝ። "እሑድ ዕለት፣ እላይ ስደርስ ልወድቅ ስል" አልኳት፣ "ከኋላዬ አንድ ነገር ሰምቼ ነበር።"

የሺ እጄን መልሳ ያዘችው።

"አፍሽን ከፍተሽ ነው ያሉኝ አባቴ" አለች። "እኔ አፌን አልከፈትኩም።"

ዓርብ ዕለት አያ ብሩ አፍንጫዋ ላይ ጣታቸውን አሳርፈው ለምን እንደቆዩ፣ እሑድ ደግሞ "ሳድሷ ሸጋ ነበረች" ሲሉ በአናቴ በላይ ማንን ያዩ እንደነበር አሁን ገባኝ። ዓርብ ዕለት ም አላለችም፤ እንደዚያ ያለ ጉሮሮ በአንድ ሌሊት እንደማይጠፋ ግን እሳቸው ያውቁ ነበር፣ የቤተ ክህነትም ልጅ ናቸውና ነገሩን ሳይጠይቁ ተዉት። እኔ ልዘጋት ማር የለወስኩላት ልጅ ከንፈሯን ገጥማ ከኋላዬ ቆማ፣ እየወደቅሁ ሳለ ይዛ አቁማኛለች። ይህን ሳውቅ አለቀስኩ፤ አላፍርም። ማልቀሴ ግን የሐዘን አልነበረም፤ ደረቴ እንደ ዳገቱ ማለቂያ ሲከፈት ይሰማኝ ነበር። "ለምን ያዝሽኝ?" አልኳት። "ድምፅሽ እየወረደ እኮ ነበር። መስማት አልቻልኩም" አለችኝ፣ ሌላ ምክንያት ያለ ሳይመስላት። አባቷ ሊሞቱ ሲሉ ከግዝቱ ፈትተዋታል፤ እሷ ግን ለምዶባት ስምንቱንም ልጆች በዚያችው በሳድሷ ነው እሹሩሩ ብላ ያሳደገቻቸው።

በማግሥቱ ከሐኪም ቤት ስትወጣ ጠበቅኋት። ሻርፑን ከሳጥን አውጥቼ ይዤላት ሄድኩ፤ አልቀበልም ብላ ተግደርድራ በኋላ አንገቷ ላይ ጣል አደረገችው። ሰማያዊው አሁንም ሰማያዊ ነው። ልጇ የመካነ ብርሃንን መኪና እስኪያገኝ ፒያሳ ገባን፣ አንድ ትንሽ ሱቅ በር ላይ ተቀመጥን። አንድ ፓስቲ ገዛሁ። አየር ቢሆንም ፓስቲ ነው። ፊቴን ወደ ግድግዳ አላዞርኩም፤ ለሁለት ገመስኩትና ትልቁን ግማሽ ሰጠኋት። የሺ በእጇ ይዛ አገላበጠችው። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችና አሸተተችው።

"ማር የለበትም አይደል?" አለችኝ።

የለበትም አልኳት። አፏን በሰፊው ከፍታ ገመጠችው።